የሳይንስና ቴክኖሎጂ ክበብ፦ ከቤዙ ሲርቁ የሚቆራረጠው ድምፅ

ክበባችን በቀደሙት ዓመታት በየወሩ አዲስ ርዕስ ያነሣ የነበረ ቢሆንም፣ ዘንድሮ አንድ ጥያቄ ብቻ ይዞ ከርሟል፤ ይኸውም የቤት ገመድ አልባ ስልክ ከቤዙ (ከስልክ መስመሩ ጋር ከተያያዘው ማስቀመጫው) ስንርቅ ድምፁ ለምን ይቆራረጣል የሚለው ነው። በገበያ ካርቶኑ ላይ ትልቅ የድግግሞሽ ቁጥር የተጻፈበት ስልክ ርቆ ይሠራል ይባላል። አባላቱ ያገኙት ግን ከዚህ ይለያል።

የመጀመሪያው ሥራ ስሌት ነበር። የብርሃን ፍጥነት ለድግግሞሹ ሲካፈል የ49 ሜጋኸርዝ ስልክ የሞገድ ርዝመት ወደ 6 ሜትር፣ የ2.4 ጊጋኸርዙ 12.5 ሳንቲ ሜትር፣ የ5.8 ጊጋኸርዙ ደግሞ 5 ሳንቲ ሜትር ገደማ ይሆናል። የሚያሰራጩት ኃይልና የአንቴናቸው ዓይነት እኩል ከሆነ፣ የ5.8 ጊጋኸርዙ ስልክ የ2.4ቱን ርቀት ግማሽ እንኳ አይሞላም፤ ግድግዳም ይበልጥ ይከብደዋል። ይሁን እንጂ ዝቅተኛ ድግግሞሽ ሁልጊዜ ያዋጣል ማለት አይደለም፤ የድሮዎቹ የ49 ሜጋኸርዝ ስልኮች የተፈቀደላቸው ኃይል አነስተኛ፣ አንቴናቸውም ከሞገዳቸው አንጻር እጅግ አጭር ስለነበር ሩቅ አይደርሱም፤ የሞተርና የፍሎረሰንት መብራት ጩኸትም ይገባባቸው ነበር።

ለተግባር ሙከራው አንድ የ2.4 ጊጋኸርዝ አናሎግ ስልክ ከቢሮው መደበኛ መስመር ጋር ተገናኘ። አንዲት የ11ኛ ክፍል ተማሪ እጀታውን ይዛ እየተናገረች ስትሄድ፣ ድምፁ በጭቃ ግድግዳው ክፍል በኩል ብዙም ሳይለወጥ፣ የቆርቆሮውን መጋዘን እንደዞረች ጠፋ። ከሁሉ ያስገረመን ግን እዚያው ቆማ እጀታውን ጥቂት ሳንቲ ሜትር ወደ ጎን ስታደርገው ድምፁ መመለሱ ነው። በቀጥታ የመጣውና ከቆርቆሮ ነጥሮ የተመለሰው ሞገድ አንዱ ሌላውን የሚያጠፋበት ቦታ በግማሽ የሞገድ ርዝመት፣ ማለትም በ6 ሳንቲ ሜትር ገደማ ልዩነት ስለሚደጋገም ነው።

በሁለተኛው መንፈቅ ዓመት ወደ ሞገድ መጠላለፍ ተሻገርን። ማይክሮዌቭ ምድጃ በ2.45 ጊጋኸርዝ ስለሚሠራ፣ ውኃ ሲሞቅበት በስልኩ ውስጥ የሚያጉረመርም ድምፅ ተሰማ፤ ይህም የምድጃው ሞገድ በመብራቱ ምት በሰከንድ 50 ጊዜ ስለሚበራና ስለሚጠፋ ነው። የኮምፒውተር ክፍሉ ዋይፋይም በዚሁ ባንድ (የድግግሞሽ ክልል) ላይ ስላለ ንግግሩን ይቆራርጠው ነበር፤ የዋይፋዩን ቻናል ስንቀይር ግን ጋብ አለ። ዴክት የተባሉት ዲጂታል ስልኮች ከዚህ ጭንቅንቅ ውጭ ናቸው። የአውሮፓዎቹ ከ1880 እስከ 1900 ሜጋኸርዝ ባለው የራሳቸው ባንድ፣ በ10 ቻናሎች ላይ፣ በእያንዳንዱም ለንግግር በተከፋፈሉ 12 የጊዜ ክፍተቶች ይሠራሉ፤ ያሉበት ሲረበሽም ራሳቸው ወደ ሌላ ይዛወራሉ።

በአሜሪካ ያሉ ዘመዶች ለአባላት ቤተሰቦች የላኳቸውን ስልኮች ግን ካርቶናቸውን አንብበን ሳንሰካ አስቀምጠናል። አስማሚያቸው ለ120 ቮልት መሠራቱ ትንሹ ችግር ነው። የአሜሪካው ዴክት ከ1920 እስከ 1930 ሜጋኸርዝ ሲጠቀም፣ ይህ ባንድ በእኛ አገር የሦስተኛው ትውልድ ሞባይሎች ወደ አንቴና ማማው የሚልኩበት ነው፤ የ900 ሜጋኸርዙ ስልክም ከ902 እስከ 928 ስለሚይዝ ጂ.ኤስ.ኤም. ከተባለው የሞባይል ሥርዓት ጋር ይጋጫል። ስለዚህ ቤት ውስጥ ያለ እንከን የሚያነጋግር ስልክ የአካባቢውን የሞባይል ማማ ሊረብሽ ይችላል፤ ይህንንም አባላቱ በወላጆች ቀን በሥዕል አስደግፈው አስረድተዋል።