ስለ አማሌቅ ሕፃናት ለጠየቅሽኝ

እናቴ፣

በቴሌግራም የላክሽውን ደጋግሜ አነበብኩት። "አባዬ፣ እግዚአብሔር ሳኦልን ሕፃን ግደል ይለዋል እንዴ?" የዶርም ጓደኛሽ ምዕራፉን አውጥታ "የእናንተ አምላክ ይሄ ነው" ስትልሽ መልስ አጣሽ፤ ግቢ ጉባኤ ላይ ስትጠይቂ ደግሞ "አትመራመሪ" ተባልሽ። በድምፅ ልመልስልሽ ብዬ ነበር፣ ግን ነገሩ ረዘም ይላል። በዚያ ላይ ድምፅ ስቀዳ እንደምንተባተብ ታውቂያለሽ።

በመጀመሪያ፣ "አትመራመሪ" ያለሽን ሰው እርሺው። አብርሃም ተመራምሯል። ዘፍጥረት 18 ላይ ስለ ሰዶም ፊት ለፊት ቆሞ "የምድር ሁሉ ፈራጅ በቅን ፍርድ አይፈርድምን?" ብሎ ጠይቋል፤ ከ50 ጻድቅ ጀምሮ እየተከራከረ እስከ 10 ወርዷል። እግዚአብሔርም ዝም በል አላለውም። ሙሴም በወርቁ ጥጃ ጊዜ ሕዝቡ እንዳይጠፋ ተሟግቷል። ስለዚህ ያንን ምዕራፍ አንብበሽ ሆድሽ ከታወከ ከእምነት ወጣሽ ማለት አይደለም።

ምዕራፉ 1ኛ ሳሙኤል 15 ነው። አልሸፋፍንልሽም። ነቢዩ ሳሙኤል በእግዚአብሔር ስም ወደ ንጉሥ ሳኦል መጥቶ አማሌቅ የሚባለውን ሕዝብ ምታ፣ ወንዱንና ሴቱን፣ ብላቴናውንና ሕፃኑን፣ ከብቱንም ሳይቀር ግደል ይለዋል። ምክንያቱ የቆየ ነው። እስራኤል ከግብፅ ሲወጡ አማሌቅ ደክመው ከኋላ የቀሩትን መትቶ ነበር። ሳኦል ሄደ፣ ገደለ፣ ግን ንጉሡን አጋግንና የሰባውን ከብት አስቀረ። በዚህ ከንግሥናው ተጣለ። ብዙ ሰው ሳኦል አዝኖላቸው የተቀጣ ይመስለዋል። አይደለም። አንድም ሕፃን አላተረፈም። ያተረፈው ንጉሥና በግ ነው።

እዚህ ላይ ሰዎች ቶሎ ብለው የሚሰጡሽ መልስ አለ። "ብሉይ ኪዳን ነው፣ እኛን አይመለከተንም" ይሉሻል። ማርሲዮን የሚባል ሰው ይህንኑ ይዞ ሄዶ ሄዶ የብሉዩ አምላክና የክርስቶስ አባት ሁለት ናቸው አለ፤ በ144 እ.ኤ.አ. አካባቢ ከሮም ቤተ ክርስቲያን ተለየ። ብሉዩን ከጣልን ኢሳይያስንም ዳዊትንም መጣል ነው፣ እኛ ደግሞ ያለ ዳዊት ምን ቀረን? ሌላው "ሕዝቡ በሙሉ ክፉ ነበር" ይላል። እሺ፣ የሚጠባው ሕፃን ምን አደረገ? ይህን ሲባል መልስ የለውም፣ ድምፁን ከፍ ያደርጋል እንጂ።

እኔን የረዳኝ መጽሐፉን ዘግቶ ማሰላሰል ሳይሆን ዙሪያውን ማንበብ ነው። ዘዳግም 25 "የአማሌቅን መታሰቢያ ደምስስ" ይላል። ከሱ በፊት ያለው ምዕራፍ፣ 24፣ አባቶች ስለ ልጆች አይገደሉ፣ ልጆችም ስለ አባቶች አይገደሉ፣ ሁሉም በራሱ ኃጢአት ይገደል ይላል። ጎን ለጎን ናቸው። ከብዙ ዘመን በኋላ ንጉሥ አሜስያስ የአባቱን ገዳዮች ሲቀጣ ልጆቻቸውን ሳይነካ ተዋቸው፤ 2ኛ ነገሥት 14 ይህን ያደረገው በሙሴ ሕግ ስለተጻፈ ነው ይላል። ሕዝቅኤል 18ም ሙሉውን ስለዚሁ ነው። እንግዲህ የሳኦል ዘመን ሕፃን ከብዙ መቶ ዓመታት በፊት አባቶቹ ስላደረጉት ይሙት የሚለውን ነገር የሚሞግተው የዘመኑ ሰው ብቻ አይደለም። መጽሐፉ ራሱ ይሞግተዋል።

አሁን ከ15 ሰባት ምዕራፍ ቁጠሪና 22ን ክፈቺ። ያው ሳኦል ነው። የኖብ ካህናት ዳዊትን ረድተዋል ብሎ ተቆጣና ዘበኞቹን ግደሏቸው አለ። ዘበኞቹ እምቢ አሉ! ንጉሡ ፊት ቆመው እጃችንን በካህናት ላይ አናነሳም አሉ። ከዚያ ኤዶማዊው ዶይቅ ገደላቸው፣ ከተማቸውም ተመታች፤ ወንዱና ሴቱ፣ ብላቴናውና ሕፃኑ፣ በሬው፣ አህያው፣ በጉ። ዝርዝሩን አየሽው? ከምዕራፍ 15 የቀረው ግመል ብቻ ነው። እዚያ ትእዛዝ ሆኖ የተጻፈው እዚህ ግልጽ ወንጀል ሆኖ ተጻፈ። ይህን ያቀናበረ ሰው ሳያየው ቀረ ብዬ አላምንም። "ሕፃኑንም ጨምሩ" ማለት የለመደ ንጉሥ አንድ ቀን በራሱ ካህናት ላይ ይለዋል፤ በዚያን ቀን ደግሞ ትክክለኛዎቹ ሰዎች ያልታዘዙት ዘበኞች ናቸው። ስለ ሳኦል አለመታዘዝ ስብከት ሞልቷል። ስለ እነዚያ ዘበኞች ግን እኔ አንድም ሰምቼ አላውቅም።

ሌላም ነገር አለ። በምዕራፍ 15 አማሌቅ አለቀ ተባለ። ምዕራፍ 30 ላይ ግን ይኸው አማሌቅ ተነስቶ የዳዊትን ከተማ ያቃጥላል፣ 400 ጎልማሶቹም በግመል ያመልጣሉ። የዘመኑ የጦርነት ወሬ እንደዚህ ነበር። የሞዓብ ንጉሥ ሞሳ በ9ኛው ክፍለ ዘመን ቅድመ ክርስቶስ ያስቀረጸው ድንጋይ በ1868 እ.ኤ.አ. ዮርዳኖስ ውስጥ ተገኝቷል፤ እዚያ ላይ ለአምላኩ ብሎ ናባው የሚባለውን ከተማ ወንድ ሴት ሳይል 7,000 ሰው እንደፈጀና እስራኤል ለዘላለም እንደጠፋ ይፎክራል። እስራኤል አልጠፋም። እኛም ቀረርቶና ፉከራ ያለን ሰዎች ነን፣ ይህ ቋንቋ አይጠፋንም። ግን ልጄ፣ "ግነት ነው" ብዬ ልገላገል አልፈልግም። ሁሉም አልሞቱም ማለት ትእዛዙን አያስቀረውም።

አባቶችም ይህ ነገር ከብዷቸው ነበር። ቅዱስ ጎርጎርዮስ ዘኑሲስ በ4ኛው ክፍለ ዘመን ስለ ሙሴ ሕይወት ሲጽፍ የግብፅ በኩር ልጆች ሞት ላይ ደርሶ ይቆማል። አባት በድሎ ሕፃን ከተቀጣ ፍትሕ የት አለ ብሎ ይጠይቃል፣ ሕዝቅኤልንም ይጠቅሳል። መልሱን በምሥጢር ይፈታዋል፦ ክፋትን ገና ሲበቅል፣ ገና ጨቅላ ሳለ ግደለው ማለት ነው ይላል። እኛም አንዱን ቃል "አንድም" እያልን በብዙ መንገድ የምንተረጉም ነንና ይህ መንገድ አይገርመንም። እወደዋለሁ፣ ለጸሎትም ይሆነኛል። ታሪኩ ውስጥ ያለው የአማሌቅ ሕፃን ግን እናት ነበረችው። ለሷ ምሳሌ አልነበረም።

ታዲያ የት ነው የቆምኩት? ሉቃስ 9 ላይ። የሳምራውያን መንደር ጌታን አላስተናግድም ሲል ያዕቆብና ዮሐንስ ኤልያስ እንዳደረገው እሳት ከሰማይ ወርዶ ያጥፋቸው ብለን እንዘዝ? አሉት። ጥቅስ ነበራቸው፣ ያውም የነቢይ። እሱ ግን ዘወር ብሎ ገሠጻቸውና ወደ ሌላ መንደር ሄዱ። እኔን ያየ አብን አይቷል ያለው ይህ ነው። ስለዚህ እግዚአብሔር ምን ይመስላል ስባል ወደሱ ነው የማየው። ሳሙኤል የሰማውን እንደ ዘመኑ ሰው ሰማ፣ እንደ ዘመኑ ሰውም ተናገረ እላለሁ። ይህን ለመምህረ ንስሐችን ነግሬያቸው አልተስማሙም፤ ፍርዱ የእግዚአብሔር ነው፣ ሕይወትን የሰጠ ይወስዳል አሉኝ። አከብራቸዋለሁ፣ በዚህ ግን ተለያይተናል። አንቺም ከሁለታችን ልትለዪ ትችያለሽ።

የማልደራደርበት ነገር ግን አለ። ማንም ሰው ዛሬ ሌላውን ሕዝብ "አማሌቅ" ብሎ ሲጠራ ከሰማሽ ከዚያ ሰው ራቂ። በ1689 እ.ኤ.አ. ኮተን ማዘር የሚባል የአሜሪካ ሰባኪ ነባሮቹን ሕዝቦች አማሌቅ ብሎ ለወታደር ሰብኳል። በእኛም አገር ባለፉት የጦርነት ዓመታት ፌስቡክ ላይ ጥቅስ ለጥፎ ሌላውን ሕዝብ የሚረግም አላጣንም። ያ ሰው የቤተ ክርስቲያን ሰው ቢሆን፣ የኛ ወገን ቢሆን፣ እኔ ብሆን እንኳ እንደነዚያ ዘበኞች እምቢ በይ።

ስለ መዝሙር 136 መጨረሻ፣ የባቢሎንን ሕፃናት በዓለት ላይ የሚፈጠፍጥ ብፁዕ ነው ስለሚለው የጠየቅሽው ሌላ ነገር ነው። እሱ ትእዛዝ አይደለም። ከተማቸው የተቃጠለባቸው ምርኮኞች ባቢሎን ወንዝ ዳር ተቀምጠው የሚጮኹት ነው። እዚያ ስደርስ አልዘለውም፤ እንደዚያ የሚያስመኝ ነገር የደረሰበት ሰው ዛሬም ስላለ ስለሱ ብዬ እደግመዋለሁ።

ለጓደኛሽ ሰላም በያት። ጥሩ ጥያቄ ነው የጠየቀችሽ፣ አትጣዪያት፣ ልርታሽም አትበያት። ለፋሲካ ይዘሻት ብትመጪ እናትሽም ደስ ይላታል። የላክንልሽ ብር ከደረሰ ጻፊልኝ።

አባትሽ