ለጥር ሙሽሮች ፎሊክ አሲድ፦ የእድራችን የድጋፍ ጥሪ

የእድራችን አባላት፣ ውጭ አገር ያላችሁ የሰፈራችን ልጆች፣ እንዴት ከረማችሁ?

የጥር ሠርግ እየደረሰ ነው። እኛ የእድሩ ሴቶች ዘንድሮ በስጦታው ላይ አንድ ነገር ለመጨመር ተነስተናል። ለእያንዳንዷ ሙሽራ ከሠርጉ በፊት የስድስት ወር ፎሊክ አሲድ የሚባል የቫይታሚን እንክብል ልንሰጥ ነው። መውለድ ያሰበች የሰፈራችን ሴት ሁሉ፣ ብታገባም ባታገባም፣ ይደርሳታል።

ከሠርጉ በፊት ያልነው በምክንያት ነው። የልጅ አንጎል መሠራት የሚጀምረው እናቱ ማርገዟን ሳታውቅ ነው። በሦስተኛው ሳምንት በፅንሱ ጀርባ ላይ ያለ ስስ የሴሎች ንጣፍ መታጠፍ ይጀምራል። ግራና ቀኝ ጠርዙ ይገናኝና በኋላ አንጎልና ሕብለ ሰረሰር የሚሆን ቱቦ ይሆናል። በ28ኛው ቀን ገደማ ተዘግቶ ያልቃል። ያኔ የእናትየው የወር አበባ ቢዘገይ ሁለት ሳምንት ነው።

የቱቦው ግድግዳ የአንጎል ስቴም ሴሎች፣ ማለትም እየተከፈሉ ሌሎች ሴሎችን የሚወልዱ እናት ሴሎች ናቸው። አንጎላችን ውስጥ ያሉት 86 ቢሊዮን ገደማ የነርቭ ሴሎች ምንጫቸው እዚያ ነው። የነርቭ ሳይንቲስቱ አርኖልድ ክሪግስታይንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2001 ያሳተሙት ሥራ በጣም ይደንቀኛል። በፅንሱ አንጎል ውስጥ ለሌሎች መወጣጫ ብቻ ይመስሉ የነበሩ ረጃጅም ሴሎች አሉ። ተመራማሪዎቹ በአይጥ አንጎል ላይ በማይክሮስኮፕ ሲከታተሏቸው፣ እነዚሁ ሴሎች እየተከፈሉ አዲስ የነርቭ ሴል ሲወልዱ አዩ። አዲሱ ሴል ደግሞ የወለደችውን ሴል ተከትሎ፣ በእሷው ላይ እየተሳበ ወደ ቦታው ይወጣል።

ይህ ሁሉ መከፈል ፎሌት የሚባለውን ቫይታሚን ይፈልጋል (ፎሊክ አሲድ በእንክብል የሚሰጠው ፎሌት ነው)፤ ሴል ያለ እሱ ዲኤንኤውን መገልበጥ አይችልም። ሲያጥር ቱቦው ሳይዘጋ ሊቀር ይችላል። ከላይ በኩል ክፍት ከቀረ ሕፃኑ አይተርፍም። ከታች ከሆነ ስፓይና ቢፊዳ ይባላል፤ ብዙዎቹ ልጆች ጭንቅላታቸው ውስጥም ፈሳሽ ይጠራቀማል። አገራችን ውስጥ የተሠሩ ጥናቶች ችግሩ እኛ ጋ ከብዙ አገሮች በላይ እንደሚታይ ያሳያሉ።

ሰፈራችን ውስጥ እንዲህ ያለ ልጅ ያላት እናት አለች። ልጇን አዝላው አታውቅም። ጀርባው ላይ ያለው እብጠት እንዳይነካ በደረቷ አቅፋ ነው ታክሲ የምትሳፈረው። ከሕመሙ በላይ የጎዳት የሰው አፍ ነው። እርግማን ነው አሏት። እርግማን አይደለም! ማንም በወቅቱ ያልነገራት ነገር ነው።

መድኃኒቱ አዲስ ግኝት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1991 የወጣው፣ በሰባት አገሮች በ33 ማዕከላት የተካሄደ ጥናት፣ ቀድሞ እንዲህ ያለ ልጅ በወለዱ ሴቶች ላይ ፎሊክ አሲድ የመደገሙን ዕድል በ72 በመቶ እንደሚቀንስ አረጋግጧል። ለሌሎች ሴቶች በቀን 0.4 ሚሊግራም ይበቃል። ቢያንስ ከማርገዝ አንድ ወር በፊት ተጀምሮ እስከ ሦስት ወር እርግዝና ይወሰዳል። ጤና ጣቢያ ከአይረን ጋር የሚሰጠው እንክብል ጥሩ ነው፤ ግን የሚገኘው ክትትል ሲጀመር ነው። ያኔ ቱቦው ከተዘጋ ቆይቷል። ጎመንና ምስርም ፎሌት አላቸው፤ ሲቀቀል ግን ብዙው ይጠፋል፣ ብቻውንም አያስተማምንም።

ዕቅዳችን ለ200 ሴቶች ነው። በቀን አንድ፣ ለስድስት ወር፣ በድምሩ 36,000 እንክብል። የምንገዛው ከታወቀ አከፋፋይ በጅምላ ነው፤ የሚያድሉትም ከፋርማሲስት ጋር ሆነው የእድራችን አባል የሆኑ ነርሶች ናቸው። ከዚህ በፊት እንዲህ ያለ ልጅ የወለደች ወይም የሚጥል በሽታ መድኃኒት የምትወስድ ሴት ግን መጠኑ ስለሚለይ መጀመሪያ ሐኪም ታያለች። እሷን የሚሸኛትም ሰው መድበናል።

ውጭ ያላችሁ፣ እባካችሁ ቫይታሚን በሻንጣ አትላኩልን። መጠኑም የአገልግሎት ጊዜውም ይለያያል፣ ያምታታናል። ገንዘቡን ላኩልን። የእድሩን የሂሳብ ቁጥር ከገንዘብ ያዣችን ውሰዱ፤ አዲስ አበባ ያላችሁ በወርሃዊው ስብሰባ ላይ በእጅ መስጠት ትችላላችሁ። ለሁሉም ደረሰኝ ይቆረጣል፤ የግዢው ሰነድም በስብሰባው ይነበባል።

የአንዲት ሴት የስድስት ወር ወጪ የሚችል አንድ ሰው ይበቃታል። ያልቻላችሁ የአንድ ወሩን ቻሉ፤ እሱም ካልሆነ ቤታችሁ ላለች ሙሽራ ይህን ንገሯት። ግዢው ታኅሣሥ ሲገባ ስለሆነ መዋጮው እስከ ኅዳር መጨረሻ ይግባልን።