ሚሚዬ፣ ስለዛ ጥቁር ስክሪን

ሚሚዬ የኔ ቆንጆ እንደምን ሰነበትሽልኝ? እኛ ደህና ነን፣ የኮምቦልቻ ሙቀት እንደምታውቂው ነው፣ እናትሽ ቆሎ ቆልታልሻለች ሰው ሲገኝ እልካለሁ።

እሁድ ለት ስልክ ላይ "አባዬ ለምን እንደምማረው ራሱ ጠፋኝ" ስትይኝ መልስ አጣሁና ስለ ብር አወራሁ፣ ኮምፒውተር ሳይንስ እኮ ስራ አለው፣ ቤት ቁጭ ብሎ በዶላር ይሰራል ምናምን እያልኩ። ዝም አልሽ። ኔትዎርክ የተቋረጠ መስሎኝ ሄሎ ሄሎ ስል ነበር። ከዘጋን በኋላ ነው የገባኝ፣ ነገሩ ብር ቢሆን ኖሮ ያን ክረምት ያን ሁሉ ሌሊት አትቀመጪም ነበር።

ያን ክረምት ስልሽ የእድሩን መዝገብ ያጠፋሽብኝን ማለቴ ነው፣ ረስቶታል እንዳትዪ። ለኔ የተረፈው አሮጌ ላፕቶፕ ዊንዶውሱ እስኪነሳ አቦሉ አልቆ ቶና ላይ እንደርሳለን፣ "በዊንዶውሱ ፈንታ ሊኑክስ ልጫንልህ ይፈጥናል" አልሽ፣ እኔ ሳላጣራ እሺ አልኩ፣ አንቺም ሳትጠይቂ ፎርማት አደረግሽው። የሶስት አመት መዋጮ ድራሹ ጠፋ! ከደረሰኝ ቁራጭ እየለቀምኩ ሁለት ሳምንት መልሼ ጻፍኩት፣ አንድ ጎረቤታችን እስካሁን የሐምሌን ከፍያለሁ ብሎ ይጣላኛል። ያን ቀን የጮህኩብሽን ግን አሁን ሳስበው አፍራለሁ።

ማታውን ዋይፋዩ እምቢ አለሽ። ከሌሊቱ 8 ሰአት ላይ ሽንት ቤት ልሄድ ስነሳ ሳሎን ምንጣፉ ላይ ተቀምጠሻል፣ ስልክሽን በኬብል ላፕቶፑ ላይ ሰክተሽ ኢንተርኔት ከሱ እየወሰድሽ፣ ጋቢዬን ለብሰሽ፣ ጥቁሩ ስክሪን ላይ ነጫጭ ፊደል ይንጋጋል አንቺ አይንሽን አትነቅዪም። ከዛ "ገባ!" ብለሽ ስትጮሂ የሰፈሩ ውሻ ሁሉ ተቀበለሽ። እኔ ደግሞ የእድሩ ንዴት ስላልለቀቀኝ "ተኚ" ብቻ ብዬሽ ገባሁ። እንቅልፍ ግን አልወሰደኝም፣ ያን ፊት አውቀዋለሁ።

ይሄን ነግሬሽ አላውቅም መሰለኝ። ጨርቅ ፋብሪካ ሜካኒክ እያለሁ ማሽኖቹን ኩሽኔታቸውን በድምፅ ነበር የማውቀው፣ ቺንጋው ሊበጠስ ሲል ከሁለት ቀን በፊት እናገር ነበር (ጉራ ነው፣ ግን እውነት ነው)። የኮንትሮል ሳጥኑ ግን ታሽጎ ነው የመጣው፣ እንዳትነኩ ተብለናል። አንዴ አንዱ ማሽን ማጉ ሳይበጠስ ተበጠሰ እያለ ይቆም ጀመር። እኛ እዛው ቆመን እያየን፣ ክሩ ደህና፣ ማሽኑ ቀጥ። ፈረንጁ እስኪመጣ 19 ቀን ጠበቅን፣ መጣ፣ ጀርባውን ሰጥቶን ከፈተው፣ ጥፍር የምታክል ነገር ነቅሎ ሌላ ተከለ፣ መልሶ አሸገው። አንድ ሲኒ ቡና የሚጠጣበት ጊዜ እንኳን አልፈጀም። ምን ነበር ብለው ሳቀ። እስከዛሬ አላወቅኩትም ሚሚዬ፣ ጡረታ ወጥቼ ሁሉ ሌሊት ትዝ ይለኛል።

ስለዚህ ያ ስቶልማን የምትዪው ፕሮግራመር አሜሪካ ኤምአይቲ ዩኒቨርሲቲ ላብ ውስጥ ፕሪንተሩ ወረቀት እየነከሰ ሲያስቸግረው ኮዱን ስጡኝና ወረቀት ሲይዝ ለሰው እንዲናገር ላድርገው ብሎ መከልከሉን ምሳ ላይ ስትነግሪኝ ጉርሻዬን ይዤ ቀረሁ እኮ። እሱ በፈረንጅ 1983 ግኑ ያለውን፣ ማንም ከፍቶ የሚያየውን ሶፍትዌር ጀመረ፣ እኔ ዝም ብዬ ደሞዜን ተቀበልኩ። ሊኑክስን የጀመረው ሊነስ ቶርቫልድስ ደግሞ 21 አመቱ የሄልሲንኪ ተማሪ፣ በፈረንጅ 1991 ነሐሴ ላይ፣ በኛ 1983 መሆኑ ነው፣ ደርግ ከወደቀ ሶስት ወሩ፣ እኛ እዚህ ነገ ምን ይመጣብን ይሆን እያልን እሱ ለትርፍ ጊዜዬ የምሰራው ነው ትልቅ ነገር አይሆንም ብሎ ጻፈ፣ ከዛ ኮዱን ከነሆዱ ለሰው ሁሉ ሰጠ። ይሄን የምጽፍበት አንድሮይድ ስልክ ውስጥ ያለው ያው የሱ ከርነል ነው ብለሽኛል፣ እኔ ከርነል ያልሽውን ሞተር ብዬ ነው የያዝኩት፣ ካልሆነ አርሚኝ።

በሲ ፕሮግራሚንግ ላንጉጅ ትምህርት ውጤቴ ሲ ሆነ ብለሽ ያለቀስሽው ነገር ደግሞ ትንሽ አስቆኛል ይቅርታ። ፖይንተር የሚባለው ክፍል አልገባ አለኝ ያልሽው ይገባል፣ ሊኑክስ ራሱ ባብዛኛው በዚሁ በሲ ነው የተጻፈው አላልሽኝም? ታዲያ ማንም ሳይከለክልሽ ከፍተሽ የምታዪው ሳጥን ቋንቋው እሱ ነው። ኤአይ ኮዱን ከጻፈ እኔ ምን ልሰራ ነው ላልሽው መልስ የለኝም፣ አላውቅበትም። ግን ማሽን ቀጥ ሲል ማን እንደሚጠራ አይቻለሁ። አብሽሪ።

እና አንድ ነገር፣ ትናንት ላፕቶፑን ያኔ እንዳሳየሽኝ አፕዴት ላደርግ ብዬ ሱዶ ምናምን የሚለውን ትእዛዝ ጻፍኩ፣ ፓስወርድ አለኝ፣ ስጽፍ ግን አንድም ነገር አይታይም፣ ኮከብ እንኳን የለም። ኪቦርዱ ተበላሸ ብዬ ገልብጬ አራገፍኩት፣ ፍርፋሪ ወጣ፣ ያው ነው። ሶስቴ ሞክሬ አባረረኝ። የእድሩን ነገር በፍላሽ ገልብጬ ነው የነካሁት አትስጊ። ከክላስ ስትወጪ ደውዪና ንገሪኝ፣ አልነቅለውም፣ ማወቅ ፈልጌ ነው።

አባትሽ
ኮምቦልቻ