አባባ፣ ደላላው ያመጣው ወረቀት ላይ እንዳይፈርሙ

አሰላሙ ዐለይኩም አባባ። እንዴት ሰነበቱ? ጉልበትዎን ተሻለዎ? እማዬስ ደኅና ናት? እኔ አልሐምዱሊላህ ደኅና ነኝ። የደሴ ብርድ ብቻ ነው የሚያስቸግረኝ።

ታናሽ ወንድሜ ደውሎ ሁሉንም ነግሮኛል። ደላላው ቤት ድረስ እየተመላለሰ ነው አሉ። ከመንገዱ በታች ያለውን ማሳ ሸንሽኖ ሊሸጥልዎ፣ ብሩም ለወንድሜ የሳዑዲ መንገድ ሊሆን ታስቧል። በስልክ የሚያልቅ ነገር ስላልሆነ ጻፍኩልዎ። የጎረቤት ልጅ ቀስ ብሎ ያንብብልዎ።

ከተማው ለምን ደጃፍዎ እንደደረሰ ልንገርዎ። ደሴ መላወሻ የላትም። ባንድ ወገን የጦሳ ተራራ፣ በሌላው አዝዋ ገደል ይዟታል። ተዳፋቱ ላይ የተሠራውን ቤት ደግሞ ክረምት ሲመጣ ናዳ ያሰጋዋል። ስለዚህ ሰውም ፋብሪካም ወደ እናንተ ሜዳ፣ ወደ ኮምቦልቻ ይወርዳል። ኮምቦልቻ በ1987ቱ ቆጠራ 39 ሺህ ያህል ሰው ነበራት። በ1999ኙ ከ58 ሺህ አለፈች። ከዚያ ወዲህ አገር አቀፍ ቆጠራ አልተካሄደም፤ መናኸሪያው ላይ ወርዶ ዙሪያውን ያየ ሰው ግን መብዛቱን ለማወቅ ቆጠራ አይጠብቅም። በ2009 የተመረቀው ኢንዱስትሪ ፓርክ የመጀመሪያው ምዕራፍ ብቻ 75 ሄክታር ነው። በእርስዎ አቆጣጠር ወደ 300 ጥማድ ማለት ነው።

የሚመጣው ሰው ብዙ ዓይነት ነው። ለፋብሪካ ሥራ ከገጠር የወረዱ ልጃገረዶች አሉ። ዓረብ አገር ያለች እህቱ በላከችለት ብር ቤት የሚያሠራ አለ። ከወለጋ ተፈናቅለው የመጡትን ሳስብ ግን ሆዴ ይባባል። በ77ቱ ድርቅ ጊዜ ስንቱ የወሎ ሰው ለሰፈራ ወደ ወለጋ እንደተጫነ ያጫወቱኝ እርስዎ ነዎት። እዚያ አርሰው፣ ወልደው፣ ከብደው ኖሩ። አሁን ልጆቻቸውና የልጅ ልጆቻቸው ነፍሳቸውን ብቻ ይዘው ተመልሰው፣ ሐይቅ አካባቢ ጃሪና ቱርክ ካምፕ መጠለያ ገቡ። አያቶቻቸው አገር መጥተው እንኳ የሚያርሱት መሬት የላቸውም። እነሱን ባየሁ ቁጥር የእርስዎ ማሳ ትዝ ይለኛል።

በከተማው መስፋፋት አልከፋም። ሰው ማደሪያ ይፈልጋል፤ እኔም ከገጠር ወጥቼ ከተማ የገባሁ ነኝ። የምፈራው ያንን ወረቀት ነው። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሬት አይሸጥም። ደላላው ይህን አሳምሮ ያውቃል። ለዚህም ነው እንዲህ ያሉ ሰዎች ሽያጩን የብድር ወይም የስጦታ ውል የሚያስመስሉት። ገዢው በሌሊት ጨረቃ ቤት ያቆማል። ነገ ዶዘር መጥቶ ሲያፈርስበት፣ ብሬን መልስ ብሎ የሚይዘው እርስዎን ነው። ደላላው ያኔ ስልኩን ያጠፋል።

መንግሥት ለልማት ብሎ ቢወስደውስ ይሉ ይሆናል። አዋጅ ቁጥር 1161/2011 መሬቱን ለዘለቄታው ለሚለቅ ገበሬ ሁለት ነገር ያዛል። አንደኛው በመሬቱ ላይ ላለው ንብረት ካሳ ነው። ሁለተኛው የልማት ተነሺ ድጋፍ ነው፤ ተመጣጣኝ ምትክ መሬት ካልተገኘ፣ ካለፉት ሦስት ዓመታት ከፍተኛው የዓመት ገቢ በ15 ተባዝቶ ይከፈላል። ክፍያውም መሬቱን ከመልቀቅዎ በፊት መሆን አለበት። እንግዲህ ያስቡት፤ የሚሰላው በምርቱ ነው። ስለዚህ ጤፉንም ማሽላውንም ስንት ኩንታል እንደሰጠ ወንድሜ በደብተር ይጻፍልዎ። ዛፎቹንም ይቁጠራቸው። መዝገብ የሌለው ገበሬ ገማቹ ያለውን ተቀብሎ ይሄዳል፤ ይህን ስንት ቦታ ሰምቻለሁ።

ወንድሜን አይቆጡት። ጓደኞቹ ሲሄዱ እያየ እንዴት ይቀመጥ? ግን አፋርን አቋርጦ፣ ከጅቡቲው ኦቦክ በጀልባ ቀይ ባሕርን ተሻግሮ፣ የመን ጦርነት ውስጥ የሚያልፍ መንገድ ነው። በእርስዎ ማሳ ዋጋ ይህንን እንዲገዛ አልፈልግም። እኔ ዘንድ ይምጣ። ብየዳ ይማር፤ ክፍያውን እኔ እችላለሁ። ፋብሪካ ይግባ አልልም፤ በ2014ቱ ጦርነት ፋብሪካዎቹ ሲዘረፉ ስንቱ ሥራ ፈቶ እንደቀረ አይተናል። ይህን ሁሉ ቤት በሚሠራ ከተማ ግን በርና መስኮት የሚበይድ ልጅ እንጀራ አያጣም።

አብሽሩ አባባ። ለዒድ እመጣለሁ፤ አብረን ቀበሌ ሄደን ማሳው በስምዎ በትክክል መመዝገቡን እናያለን። የይዞታ ደብተሩን እማዬ ሳጥን ውስጥ ትቆልፍበት። ደላላው ከመጣ፣ ልጄ ሳይመጣ አልፈርምም ይበሉት።

ዱዓዎ አይለየኝ።

ልጅዎ፣ ከደሴ