ደብዳቤ ለልጄ፦ ከ«ሜኒ» እና ከ«መች» በፊት ስሙን እዪ

ለምወድሽ ልጄ፣

ጤናሽ እንዴት ነው? የላክሽልኝን የእንግሊዝኛ ድርሰት አንብቤዋለሁ። ሐሳቡ የተደራጀ ነው። አስተማሪሽ በቀይ ያሰመሩባቸው ቦታዎች ግን አብዛኞቹ የአንድ ምንጭ ስህተቶች ናቸው፤ መጠን የሚናገረውን ቃል (ለምሳሌ ሁለቱም «ብዙ» ማለት የሆኑትን «ሜኒ» እና «መች») የምትመርጪው ቀጥሎ የሚመጣውን ስም ዓይነት ሳታዪ ነው።

አማርኛ በዚህ አያስቸግርሽም። ብዙ ሰው፣ ብዙ ውሃ፣ ብዙ ችግር እንላለን፤ «ትንሽ»ም እንደዚሁ ከሁሉም ጋር ይሄዳል። ከዚህም በላይ «ሦስት መጽሐፍ ገዛሁ» ያለ ሰው አልተሳሳተም፤ ቁጥሩ ካለ ስሙን ማብዛት ግድ አይደለም። በእንግሊዝኛ ግን ቃሉን እንደ ስሙ መምረጥም፣ ስሙን ማብዛትም ግድ ነው። «ሜኒ ቡክ» ብለሽ የጻፍሽው በአማርኛ አስበሽ ነው፤ ትክክሉ «ሜኒ ቡክስ» ነው።

እንግዲህ መጀመሪያ ስሙን ለዪ። ከፊቱ ቁጥር አስገቢ፤ «ቱ ቼርስ» ካስኬደ ስሙ የሚቆጠር ነው። አሸዋ፣ አየር፣ ዝናብ ቁጥር እንደማይቀበሉ ማንም ያውቃል። የሚያስቱሽ በአማርኛ የሚበዙ፣ በእንግሊዝኛ ግን የማይቆጠሩ ስሞች ናቸው። መረጃዎች፣ ምክሮች፣ የቤት ሥራዎች፣ መሣሪያዎች እንላለን፤ ስለዚህ እጅሽ «ኢንፎርሜሽንስ»፣ «አድቫይስስ»፣ «ሆምወርክስ»፣ «ኢኩዊፕመንትስ» ብሎ ይጽፋል። አራቱም ስህተት ናቸው። ፈርኒቸር (የቤት ዕቃ)፣ ኖውሌጅ (እውቀት)፣ ሪሰርች (ምርምር)፣ ላጌጅ (የጉዞ ሻንጣ)፣ ትራፊክ እና ፕሮግረስም (መሻሻል) ከእነዚሁ ጋር ይመደባሉ። እነዚህን በቃልሽ ያዢ፤ ሌላ አቋራጭ የላቸውም። መቁጠር ሲያስፈልግሽ መስፈሪያ ጨምሪላቸው፦ «ኤ ፒስ ኦፍ አድቫይስ»፣ «ቱ ፒስስ ኦፍ አድቫይስ»። የሚበዛው መስፈሪያው እንጂ ስሙ አይደለም። «ኒውስ» ደግሞ መጨረሻው ብዙ ቢያስመስለውም የማይቆጠር ነው፤ ግሱ «ኢዝ» እንጂ «አር» አይሆንም። «መኒ»ም እንዲሁ የማይቆጠር ነው። ገንዘብ ይቆጠራል እኮ ትዪ ይሆናል፤ የሚቆጠረው ዶላሩና ሳንቲሙ ነው፤ ስለዚህ «ሃው ሜኒ ዶላርስ»፣ ነገር ግን «ሃው መች መኒ» ነው።

ስሙ ከተለየ «ሜኒ» ለሚቆጠረው፣ «መች» ለማይቆጠረው ይሆናል። እዚህ ላይ የማየው ሌላ ችግር አለ። «አይ ሃቭ መች መኒ» ሰዋስዉ ባይፈርስም የእንግሊዝኛ ተናጋሪ እንዲህ አይልም። «መች» የሚመቸው በአሉታና በጥያቄ፣ ወይም «ቱ» (ቁጥሩ ሳይሆን «ከልክ በላይ» የሚለው)፣ «ሶ»፣ «አዝ» እና «ሃው» ሲቀድሙት ነው። በተራ አዎንታ «ኤ ሎት ኦፍ» ብትዪ ለሁለቱም ዓይነት ስም ይሆንልሻል። ግሱ ግን የሚከተለው ስሙን ነው፦ «ኤ ሎት ኦፍ ዋተር ኢዝ»፣ «ኤ ሎት ኦፍ ቡክስ አር»።

አሁን በጣም እንድትጠነቀቂ ወደምፈልገው ልምጣ። «ፊው» እና «ሊትል» ፊታቸው ላይ «ኤ» ሲኖርና ሳይኖር ትርጉማቸው ይገለበጣል። «ኤ ፊው»ን «ጥቂት»፣ «ፊው»ን «እምብዛም» ብለሽ ያዢ። «ኤ ፊው ስቱደንትስ ሄልፕድ ሚ» የረዱኝ ጥቂት ተማሪዎች ነበሩ፣ ደስ ብሎኛል ማለት ነው። «ኤ»ን ካወጣሻት የረዳኝ ተማሪ እምብዛም የለም የሚል ቅሬታ ይሆናል። አንቺ በድርሰትሽ ልታመሰግኚ ፈልገሽ የወቀስሽው በዚህ ምክንያት ነው። «ኤ ሊትል ታይም» እና «ሊትል ታይም»ም በዚሁ ይለያያሉ፤ የመጀመሪያው ጊዜ አለ ይላል፣ ሁለተኛው ጊዜ የለም ለማለት ይቀርባል። «ኦንሊ» ሲመጣ «ኤ» አይጠፋም፦ «ኦንሊ ኤ ፊው»። «ኳይት ኤ ፊው» ደግሞ ጥቂት ሳይሆን ብዙ ማለት ነው፤ ይህንን ስታነቢ እንዳትሳሳቺ። «ሊትል» ከሚቆጠር ነጠላ ስም ጋር ሲመጣ መጠን መናገሩን ትቶ «ትንሽዬ» ይሆናል፤ «ኤ ሊትል ዶግ» ትንሽዬ ውሻ ነው።

በአሉታም አማርኛ ይጎትትሻል። «ምንም የለኝም» ስንል «ምንም»ም አለ፣ ግሱም አሉታ ነው። በመደበኛ እንግሊዝኛ አሉታው አንድ ጊዜ ብቻ ይነገራል። ግሱ አሉታ ከሆነ «ኤኒ»፣ ግሱ አዎንታ ከሆነ «ኖ» ምረጪ፦ «አይ ዶንት ሃቭ ኤኒ ታይም» ወይም «አይ ሃቭ ኖ ታይም»። ሁለቱን አሉታ አትደርቢ። «ሰም» እና «ኤኒ» ከሁለቱም ዓይነት ስሞች ጋር ይሄዳሉ፤ ለሰው ነገር ስታቀርቢ ወይም ስትለምኚ ጥያቄ ቢሆንም «ሰም» ይመረጣል።

አብዛኞቹ ተማሪዎች ለማለት «ሞስት ኦፍ ስቱደንትስ» ብለሽ ሁለት ጊዜ ጽፈሻል። «ኦፍ» ከገባ ከስሙ በፊት «ዘ»፣ «ማይ»፣ «ዚዝ» የመሰለ ቃል ይፈልጋል። ስለ ተማሪዎች በጠቅላላው ከሆነ «ሞስት ስቱደንትስ»፣ ስለታወቁ ተማሪዎች ከሆነ «ሞስት ኦፍ ዘ ስቱደንትስ» በዪ። «እያንዳንዱ» የሚሉት «ኢች» እና «ኤቭሪ» ቀጥታ ሲቀድሙት ነጠላ ስም ይወስዳሉ። «ዋን ኦፍ ዘ» ግን የብዙ ቁጥር ስም ይፈልጋል፣ ግሱም ነጠላ ነው። «ኤ ነምበር ኦፍ ስቱደንትስ» በብዙ ቁጥር ግስ ይታሰራል፣ «ዘ ነምበር ኦፍ ስቱደንትስ» በነጠላ፤ የመጀመሪያው ስለ ተማሪዎቹ ነው የሚያወራው፣ ሁለተኛው ስለ ቁጥሩ።

«ያነሰ» ብለሽ ለማነጻጸር «ፊወር» ለሚቆጠር፣ «ሌስ» ለማይቆጠር ነው። በንግግር «ሌስ ፒፕል» ስትሰሚ አትደንግጪ፤ ይባላል፤ በፈተና ግን «ፊወር ፒፕል» ጻፊ። ርቀት፣ ጊዜና ገንዘብ እንደ አንድ መጠን ስለሚታዩ ቁጥር ቢኖራቸውም «ሌስ ዛን ቴን ኪሎሜትርስ» ትክክል ነው።

ጽፈሽ ስትጨርሺ እነዚህን መጠን ነጋሪ ቃላት ብቻ እየፈለግሽ አንድ ጊዜ እለፊበት፤ በእያንዳንዱ ላይ ቆመሽ ስሙን፣ ቀጥሎ የስሙን ብዛት፣ ከዚያ ግሱን እዪ። በስሙ ከተጠራጠርሽ ለተማሪዎች የተዘጋጀ የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት ክፈቺ፤ ብዙዎቹ ከስሙ አጠገብ ለሚቆጠረው «ሲ»፣ ለማይቆጠረው «ዩ» የሚል ፊደል ያኖራሉ። ሁለቱንም ካየሽ አትቸኩዪ፣ የየፍቺውን ምሳሌ አንብቢ። «ፔፐር» ወረቀት ሲሆን አይቆጠርም፣ ጋዜጣ ወይም የጥናት ጽሑፍ ሲሆን ይቆጠራል። «ሩም» ቦታ ሲሆን አይቆጠርም፣ ክፍል ሲሆን ይቆጠራል። «ኤክስፒሪየንስ» በሥራ የተገኘ ልምድ ሲሆን አይቆጠርም፣ የደረሰብሽ ገጠመኝ ሲሆን ይቆጠራል። ለሥራ ማመልከቻ ስትጽፊ የምትፈልጊው የመጀመሪያውን ስለሆነ፣ የሁለት ዓመት ልምድ አለኝ ለማለት «ቱ ይርስ ኦፍ ኤክስፒሪየንስ» በዪ።

እናትሽ