የአንዱ ፓኬት ውኃ አንድ ሊትር ነው

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል

ክረምት ሲገባ ጉማራና ርብ ደፍርሰው ጣና ይገባሉ፤ በፎገራና በደንቢያ ሜዳ ጎርፉ ጉድጓዱንም ምንጩንም ያዳርሳል። ተቅማጥም የሚበረታው ያኔ ነው። ኦአርኤስ፣ ሕይወት አድን ንጥረ ነገር የምንለው፣ ርካሽም ቅርብም ነው። እኛን የሚያሳስበን የሚበጠበጥበት የውኃ ልክ ነው።

ትልቁ ፓኬት 20.5 ግራም ይመዝናል፦ 13.5 ግራም ግሉኮስ፣ 2.6 ግራም የገበታ ጨው፣ 2.9 ግራም ሲትሬት፣ 1.5 ግራም ፖታሲየም ክሎራይድ። ይህ ሁሉ የተመጠነው ለአንድ ሊትር ውኃ ነው። ለግማሽ ሊትርና ከዚያ ላነሰ የተዘጋጁ ትንንሽ ፓኬቶችም ስላሉ መጀመሪያ ጀርባው ይነበብ።

በየቤቱ በብዛት የሚገኘው ግን ባለ ግማሽ ሊትር ሃይላንድ ነው። ትልቁ ፓኬት እንዳለ እዚያ ውስጥ ሲገለበጥ ምን እንደሚሆን እንይ። በልኩ የተበጠበጠው በሊትር 245 ሚሊኦስሞል (ውኃው ውስጥ የሟሙ የጨውና የስኳር ቅንጣቶች መለኪያ) ይይዛል፤ የደም 290 ገደማ ነው። ስለዚህ ውኃው ከአንጀት ወደ ደም በቀላሉ ይሻገራል። በግማሽ ሊትር ሲበጠበጥ ግን 490 ይደርስና ነገሩ ይገለበጣል፤ ውኃ ጨውና ስኳር ወደበዛበት ስለሚሳብ ከደም ወደ አንጀት ይወጣል፣ ተቅማጡ ይብሳል፣ የደም ሶዲየም ያሻቅባል። ሕፃኑ ጥሙ አይቆርጥለትም፣ ይነጫነጫል፣ ሲከፋም ያንቀጠቅጠዋል። በሁለት ሊትር ከቀጠነ ደግሞ የሚወጣውን ጨው አይተካም። የሻይ ብርጭቆ መለኪያ አይሆንም፤ ትልቅና ትንሽ አለው። ግማሽ ሊትሩን ሃይላንድ ሁለት ጊዜ ሞልቶ ንጹሕ ጆግ ውስጥ መገልበጥ ይበቃል። ከፓኬቱ በማንኪያ እየጨለፉ በኩባያ መበጥበጥም አይገባም፤ ጨውና ስኳሩ እኩል አይደርስም።

ውኃው ቀድሞ ይፈላና ይቀዝቅዝ። (ባሕር ዳር 1800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነች ውኃ የሚፈላው በ94 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ተንተክትኮ እስከፈላ ድረስ ተሕዋስያኑን ለመግደል ይበቃል።) ከተበጠበጠ በኋላ ግን አይፈላ፤ ውኃው ይተንና ጨው ይበዛል። ውኃ አጋር የተባለውን የክሎሪን ማከሚያ የሚጠቀም ሰው የደፈረሰውን አስቀድሞ ያጥልለው፤ ክሎሪኑን ጭቃውና ቆሻሻው ይጨርሱታል።

ስኳሩን ብዙ ሰው ለማጣፈጫ የገባ ይመስለዋል። በትንሹ አንጀት ግድግዳ ላይ ግሉኮስንና ሶዲየምን አንድ ላይ የሚያሻግር በር አለ፤ ውኃውም እነሱን ተከትሎ ያልፋል። ይህ በር በኮሌራ እንኳ አይዘጋም። እንዲጥም ተብሎ የሚጨመር ስኳር ግን ከልኩ ያልፍና አንጀት ውስጥ ውኃ ይዞ ይቀራል። ለስላሳ መጠጥም እንደዚሁ ነው፤ በሊትር 100 ግራም ገደማ ስኳር አለው፣ ጨው ግን የለውም ማለት ይቻላል።

ስለ ሲትሬቱ ብዙ ጊዜ አይነገርም። የደም ፒኤች (የአሲድነቱ መለኪያ) ከ7.35 እስከ 7.45 ባለው ጠባብ ልክ ውስጥ መቆየት አለበት። የአንጀት ፈሳሽ ባይካርቦኔት የተባለ፣ አሲድን የሚያበርድ ቤዝ ይዟልና ከተቅማጡ ጋር ሲወጣ ደሙ ወደ አሲድነት ያዘነብላል። ሰውነት አሲዱን በካርቦን ዳይኦክሳይድ መልክ በትንፋሽ ለማስወጣት ይታገላል፤ ሕፃኑ ሳያስለው በጥልቀትና በፍጥነት ይተነፍሳል። ይህን አይቶ የሳምባ ምች ነው ብሎ ተቅማጡን መርሳት አለ። በሁለቱም ቢሆን ወደ ጤና ተቋም መሮጥ ነው። ሲትሬቱ ጉበት ውስጥ ወደ ባይካርቦኔት ይለወጣል፤ ከአንዱ ሦስት ይገኛል።

ፓኬት እስኪገኝ ድረስ ስድስት ልሙጥ የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ ልሙጥ ማንኪያ ጨው በአንድ ሊትር ውኃ ያቆያል፤ ነገር ግን ፖታሲየምም ሲትሬትም የለውም። አንድ መካከለኛ ሙዝ አንድ ሊትር ኦአርኤስ ከሚይዘው ፖታሲየም ግማሽ ያህሉን ይሰጣል። ጨው ጣል የተደረገበት የፎገራ ሩዝ ውኃም ጥሩ ነው፤ ስታርቹ ቀስ እያለ ግሉኮስ ይሆናል።

ከሁለት ዓመት በታች ላለ ሕፃን ከእያንዳንዱ ተቅማጥ በኋላ ከ50 እስከ 100 ሚሊ ሊትር፣ ከዚያ በላይ ላለው ከ100 እስከ 200 በማንኪያ ወይም በሲኒ ይሰጠው። ካስመለሰው 10 ደቂቃ ጠብቆ ቀስ እያሉ መቀጠል ነው። ጡት አይቋረጥ። ከተበጠበጠ 24 ሰዓት ያለፈው ኦአርኤስ ይደፋ። ዚንክም ከስድስት ወር በላይ ለሆነው በቀን 20፣ ከዚያ በታች 10 ሚሊ ግራም፣ ከ10 እስከ 14 ቀን ይሰጣል። ዓይኑ ከጎደጎደ፣ መጠጣት ካቃተው ወይም የሆዱ ቆዳ ቆንጠጥ ተደርጎ ሲለቀቅ ቀስ ብሎ ከተመለሰ ቤት ውስጥ አይቆይ።

አዘጋጆቹ ክረምቱ እስኪወጣ ይህን ልክ በጤና ዓምዳችሁ በየሳምንቱ ብታወጡልን። የመድኃኒት ቤት ባለሙያዎችም ፓኬቱን ስትሰጡ «በምን ያህል ውኃ ትበጠብጪዋለሽ?» ብላችሁ ጠይቁ፤ መልሱን ሳትሰሙ አትሸኙ።

በባሕር ዳር የምንሠራ የፋርማሲና የላቦራቶሪ ባለሙያዎች