የአውቶ ክበብ የ2017 ዘገባ፦ ሰዲ ለምን ሞተች?

እውነቱን ለመናገር የዘንድሮው ዘገባ የክበቡ ሳይሆን የአንዲት መኪና ዘገባ ነው። ሌላም ሰርተናል፣ ጎማ መቀየር ተምረናል፣ የት/ቤቱን ጀነሬተር ሁለቴ አስነስተናል፣ መስከረም ላይ 31 ሆነን ጀምረን ጥር ላይ 18 ቀርተናል (ፈተና ሲደርስ ቅዳሜ ማን ይመጣል)። ግን ልጆቹ አመቱን ሙሉ የሚያወሩት ስለ ፊያቷ ስለሆነ እኔም ስለሷ ልጻፍ።

ፊያት 124 ስፓይደር ነች። ጣራዋ የሚታጠፍ ስፖርት መኪና፣ በፈረንጆቹ 1966 ቱሪን ላይ ለእይታ የቀረበች፣ ቦዲዋን ፒኒንፋሪና፣ ሞተሯን ደግሞ ከዛ በፊት ፌራሪ ይሰራ የነበረው ላምፕሬዲ የነደፈላት። የአንዱ አባላችን አያት ናቸው ባለቤቷ፣ እሁድ እሁድ ወደ ሶደሬ የሚነዷት። አንድ ቀን ከአዳማ ሳይወጡ ሚስ ማድረግ ጀመረች (ቤንዚን ከሚቃጠልባቸው አራት ሲሊንደሮች አንዱ ሲዘል ማለት ነው)፣ ጉልበት የለም፣ ማርሚታው ፑፍ... ፑፍ ይላል፣ ያልተቃጠለ ቤንዚን ይሸታል። አንድ ጋራዥ አራቱንም ካንዴላ (ቤንዚኑን በእሳት የሚለኩሰውን) ቀየረላቸው፣ ምንም ለውጥ የለም። ከዛ ወደኛ አመጧት። «ልጆቼ፣ ትላንትና እኮ ድምጿ እንኳን አይሰማም ነበር» አሉን።

እኔ ኮፈኑን ከፍቼ ገና ሳላይ ካርብሬተር (ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለው) ነው አልኩ። የአዳማ አቧራ ነው፣ ጂግለሩ (ቤንዚን የሚያልፍበት ቀጭን ቀዳዳ) ተደፍኗል፣ አለቀ። ሶስት ቅዳሜ ሙሉ ፈታን፣ አጠብን፣ በኮምፕሬሰር ነፋን፣ ገጠምን። አስነሳናት፣ ያው ፑፍ። በአራተኛው ቅዳሜ አንዷ የ11ኛ ክፍል ልጅ እጇን አውጥታ «ቲቸር፣ ካርብሬተሩ አንድ ነው አይደል? አንዲት እናት አራት ልጅ እያበላች አንዱ ብቻ ለምን ይራባል?» አለችኝ። ምን ልበላት። አየር በማኒፎልድ ጋርኒሲዮን (ከካርብሬተሩ ወደ ሲሊንደሮቹ የሚወስደው ቱቦ ማሸጊያ) በኩል እየገባ አንዱን ሲሊንደር ብቻ ሊያበላሽ ይችላል ብዬ ላመልጥ ሞከርኩ፣ እሱንም በስፕሬይ ፈተሽነው፣ አየር ቢገባ ድምጹ ይቀየር ነበር፣ ሞተሩ ድምጹን እንኳን አልቀየረም። ልጅቷ ልክ ነበረች።

ከዛ እንደ ሰው ጀመርን። ሞተሩ በሚኒሞ (ቤንዚን ሳይረገጥ) እየሰራ የካንዴላ ገመዶቹን አንድ በአንድ በፒንሳ መንቀል ነው፣ የሚሰራ ሲሊንደር ገመዱ ሲነቀል ሞተሩ ወረድ ይላል፣ የሞተው ሲነቀል ግን ምንም አይሰማውም። (ቤት ውስጥ እንዳትሞክሩት፣ ኮይሉ 12 ቮልቱን ከ20,000 በላይ ያደርገዋል፣ እኔ ራሴ ፒንሳው ሸርተት ብሎብኝ እስከ ክርኔ ነዝሮኛል። አዲስ መኪና ላይ ደግሞ ኤሌክትሮኒኩን ልታቃጥሉበት ትችላላችሁ።) አንዱ ልጅ ከኋላ ቆሞ በኦሮምኛ ይቆጥርልናል፣ ቶኮ... ወረደ፣ ለማ... ወረደ፣ ሰዲ... ዝም! አፉር... ወረደ። ከዛ ቀን ጀምሮ ሶስተኛው ሲሊንደር በክበባችን ስሙ ሰዲ ሆነ።

የሰዲን ካንዴላ ከቶኮ ጋር ለዋወጥን፣ ሰዲ ያው ሙት፣ ቶኮ ደህና። ስለዚህ ካንዴላ አይደለም። ኮምፕሬሽን (ሲሊንደሩ አየሩን ምን ያህል እንደሚጨምቅ) ለካን፣ አራቱም ተቀራራቢ፣ ከመጽሐፉ ትንሽ ዝቅ ብሏል ግን እሱ የከፍታችን ነው፣ አዳማ ላይ አየሩ ከባህር ጠረፍ ሳሳ ያለ ነው። ቫልቮላውም ፒስተኑም ነጻ ወጡ ማለት ነው። የቀረው እሳቱ መንገድ ላይ የት እንደሚጠፋ ማየት ነበር፣ ለዚህ ደግሞ ጨለማ ያስፈልጋል።

ማታ 12 ሰዓት ተኩል ላይ ወርክሾፑን ዘጋን፣ መስኮቶቹ ላይ መጋረጃ አንጠለጠልን፣ አስነሳናት፣ በአበባ ውሃ ማጠጫ ስፕሬይ ገመዶቹ ላይ ቀስ እያልን ነፋን። ሰማያዊ ነገር፣ ቀጭን እንደ ክር፣ ከሰዲ ገመድ ወጥታ ቴስታታው (የሞተሩ የላይኛው ብረት) ላይ ጧ ጧ ጧ ትላለች። ልጆቹ እልል አሉ፣ ጥበቃው ምን ሆናችሁ ብሎ መጣ። ገመዱን የሚይዘው ክሊፕ የለም፣ ከብረቱ ጋር ሲፋተግ ኖሮ ላስቲኩ ሳስቷል፣ እሳቱ ካንዴላው ድረስ መሄድ ትቶ በአቋራጭ ይወጣል።

እሺ፣ ግን ለምን ድንገት? መፋተግ የአመታት ስራ ነው። ያችው ልጅ ጋሼን፣ የመኪናዋን ባለቤት፣ «ሚስ ከማድረጓ በፊት በነበረው ቀን ምን አድርገው ነበር?» ብላ ጠየቀቻቸው። «ኧረ ምንም የኔ ልጅ፣ ላቫጆ ወስጄ ሞተሯን በፕሬዠር አሳጠብኳት እንጂ» አሏት። ሁሉም ዞሮ እኔን አየኝ። የሳሳው ላስቲክ በደረቁ ችሎ ነበር፣ ውሃና ቆሻሻ ሲገባበት እሳቱ መንገድ አገኘ፣ አንዴ ካለፈበት ደግሞ መንገዱን አክስሎ ስለሚተወው ውሃው ቢደርቅም አይመለስም። ይሄን ጥያቄ በመጀመሪያው ቅዳሜ ብንጠይቅ ካርብሬተሩን ማን ይነካው ነበር።

ጋሼ አራቱንም ገመድ ከሶማሌ ተራ አስመጡ፣ ከነክሊፑ ገጠምን፣ ሰዲ ነቃች። አሮጌው ገመድ ወርክሾፑ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል፣ ሄዳችሁ እዩት። ካርብሬተሩን ስንገጥም የተረፈችው ትንሽ ብሎን ደግሞ እስካሁን መሳቢያዬ ውስጥ ነች፣ የት እንደምትገባ አላወቅንም፣ መኪናዋም እየሄደች ነው፣ ጋሼ ይሄን መጽሔት ካነበቡ እንግዲህ ይቅር ይበሉን።